ጦርነቱ የማይታይበት የጦርነት ፊልም፤ የኃይሌ ገሪማ «አድዋ» በሆሳዕና ተመልካቾች ዓይን

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ የተለያየ አስተያየት ሲሰነዘርበት ሐያሲው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አንዱን ወገን ደግፎ ሌላውን «ሥራው አልገባውም» ይለዋል፤ ወይ ደግሞ «ሁሉም እንደ አመለካከቱ ነው» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ሁለቱም ከሒስ ተግባር የሚያሸሹ መንገዶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች የኃይሌ ገሪማን «አድዋ» ያዩ ሰዎች የሚሰጧቸውን ሦስት ዓይነት አስተያየቶች ከፊልሙ አሠራር ጋር እያገናዘቡ መመርመር ነው። የሰዎቹ ስምና ማንነት እዚህ አስፈላጊ አይደለም፤ የሚመዘነው አስተያየታቸው ነው።

«አድዋ» በ1999 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚወስድ ዘጋቢ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጎንደር ከጸሐፌ ተውኔት አባት ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ባለሙያ ነው። ከዚህ ሥራው አስቀድሞ በ1976 እ.ኤ.አ. «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሳንኮፋ»ን አቅርቧል። በ«አድዋ» ውስጥ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነት በተዋንያን እንደ አዲስ አይካሄድም። ታሪኩ የሚተላለፈው በአረጋውያን ትረካ፣ በዜማ፣ በሥዕል፣ በተራሮቹ ምስልና በራሱ በዳይሬክተሩ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው አስተያየት ከዚሁ ይነሳል። «የጦርነት ፊልም ተብሎ ጦርነቱ የታለ?» የሚሉ ተመልካቾች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ለማወዳደሪያ የሚጠቅሱትም ኦማር ሙክታር ግራዚያኒን ሲፋለም የሚያሳየውን፣ ሙስጠፋ አካድ በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበውንና ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረውን «የበረሃው አንበሳ»ን ነው። እዚያ ታንኩ ይታያል፤ ፈረሱ ይጋልባል፤ አንቶኒ ኩዊን በገመድ ሲሰቀል ተመልካች ያለቅሳል። «የእኛ ድል ከዚያ አንሶ ነው ወይ በወሬ ብቻ የምንሰማው?» ይላሉ።

ይህን አስተያየት የገንዘብ እጥረትን ምክንያት አድርጎ መመለስ ቀላል ነው። ቦንዳርቹክ «ጦርነትና ሰላም»ን ሲሠራ የሶቪየት ጦር በሺሕ የሚቆጠሩ ወታደሮችን እንዳሰለፈለት ይታወቃል፤ ኃይሌ እንዲህ ያለ ረዳት አልነበረውም። ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ድሃ ነው ብለን በዘጋነው ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ጦርነቱ ከተካሄደ 103 ዓመት ሆኖታል። በካሜራው ፊት የሚቀመጡት አረጋውያን ያዩትን ሳይሆን ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚናገሩት። እንግዲህ የፊልሙ ጉዳይ ውጊያው ራሱ ሳይሆን የውጊያው ትዝታ ከአፍ ወደ ጆሮ የተሻገረበት መንገድ ነው። መድፉን ቢያሳየን ኖሮ ተናጋሪውን በጋረደብን ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። በአንዳንድ ቦታ የዳይሬክተሩ ድምፅ ከተራኪዎቹ ቀድሞ ምን ሊሰማን እንደሚገባ ይነግረናል። በነዚህ ቦታዎች ፊልሙ ይረዝማል፤ ተመልካቹም መሰላቸቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየት የአድናቆት ነው። በዕድሜ የገፉት ተመልካቾች ፊልሙን እንደ ሲኒማ ሳይሆን ማታ እሳት ዳር እንደሚሰማ ወግ ተቀብለውታል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። በሐዲያም ሆነ በከምባታ ቤት የዘር ሐረግ የሚቆጠረው፣ የጎሳ ፍልሰት የሚተረከው፣ የጀግና ስም የሚወደሰው በሽማግሌ አንደበት ነው። አማርኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ያልሆነላቸው እነዚህ ተመልካቾች በተራኪው አቀማመጥ፣ በዝምታውና በእጁ እንቅስቃሴ የገዛ አባታቸውን አይተዋል። አድናቂዎቹ ወጣቶቹ የነቀፉትን ያንኑ ባሕርይ ነው የወደዱት። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቅርፅ ልማድ ልዩነት ነው እንጂ ስለ አድዋ ያለ ልዩነት አይደለም።

ከበድ ያለው ሦስተኛው አስተያየት ነው፤ «በዚህ ትረካ ውስጥ እኛ የታለን?» የሚለው። ይህን ጥያቄ ለመረዳት ፊልሙ የታየበትን ከተማ ማወቅ ያስፈልጋል። የሆሳዕና የቀድሞ ስም ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ በከተማይቱ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። ከተማይቱን መቀመጫቸው አድርገው የቆረቆሩት፣ ስሟንም ከሆሳዕና በዓል ጋር አያይዘው ያወጡላት የከምባታ ገዥ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው እንደሆኑ ይነገራል። እኒህ ሰው በአድዋ ዘመን ሊቀ መኳስ ተብለው፣ ከበጅሮንድ ባልቻ ጋር የንጉሠ ነገሥቱን መድፍ ያዘዙ ጀግና ናቸው።

ነገሩ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። አካባቢው በምኒልክ ግዛት ሥር የገባው ከአድዋ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ያለ ውጊያም አይደለም። የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ ሐዲያዎችን ጨምሮ የአካባቢውን ሰዎች አሰልፎ መዋጋቱ፣ ከምባታም በዎማ ማዕረግ የሚጠሩ የራሷ ነገሥታት የነበሯት መሆኑ በቃልም በጽሑፍም ይታወቃል። ስለዚህ አድዋ ላይ ነጻነትን ያስከበረው የጦር አዛዥ ስም፣ በሆሳዕና አንዳንድ ቤቶች ውስጥ የገባርነትን ዘመን ያስታውሳል። ለአንዱ ተመልካች ሁለቱ ትዝታዎች በአንድ ደረት ውስጥ ይኖራሉ።

«ፊልሙ የሚናገረው ስለ ቅኝ ገዥ ወረራ ነው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊናገር አይችልም» የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል። ድሉን ከኢትዮጵያ አልፎ የአፍሪካ ድል ብሎ የሚያቀርብ ሥራ የአንድ አውራጃን ቅሬታ እንዲዘረዝር መጠየቅም አግባብ አይመስልም። ይህ መከላከያ አንድ ጸሐፊ ለጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ይሠራ ይሆናል። «አድዋ» ግን ሥልጣኑን የወሰደው ከተራኪዎቹ ነው። ሰነድ ሳይሆን አንደበት ምስክር ይሁን ብሎ የተነሳ ፊልም የማን አንደበት እንደተሰማና የማን እንዳልተሰማ ቢጠየቅ፣ ጥያቄው ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከራሱ መስፈርት የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ አባባሎችን መለየት ይገባል። «አድዋ የእኛ አይደለም» የሚል አለ፤ «ስለ አድዋ ሲነገር የእኛ ቃል አልተሰማም» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ከታሪክም ከፊልሙም ጋር ይጣላል፤ ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ከብዙ ብሔረሰቦች የተውጣጣ ነበርና። ሁለተኛው ግን ከድሉ ምንም አይቀንስም። ይልቁንም ተራኪ ይጨመር ይላል። ይህ ጸሐፊ ከሆሳዕና ተመልካቾች አብዛኛውን ጊዜ የሰማው ሁለተኛውን ነው፤ ሰሚዎቹ ግን ብዙ ጊዜ እንደ መጀመሪያው ቆጥረው ይቆጡበታል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ክርክር ወደ ጠብ ይለወጣል።

በዚህ ጸሐፊ ሚዛን «አድዋ» በአመራረጡ ትክክል፣ በአፈጻጸሙ ግን ያልተሟላ ሥራ ነው። ጦርነትን በትረካ ለማሳየት መምረጡ ለሲኒማችን ትልቅ ትምህርት ነው። ጉድለቱ ውጊያ አለማሳየቱ ሳይሆን ተራኪዎቹን ከጠባብ ክበብ መምረጡ፣ አልፎ አልፎም የራሱን ድምፅ ከእነሱ በላይ ማሰማቱ ነው።

ቀሪው ሥራ የፊልም ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሐዲያን ታሪክ ከሽማግሌዎች ቃል ሰብስቦ በ1980 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ አሳትሟል። የሆሳዕና ልጅ የአያቱን ቃል በባዕድ ቋንቋ ታትሞ ሲያገኘው፣ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የት ነበሩ ብሎ ቢጠይቅ መልስ ሊኖረን ይገባል። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ከሌሞ፣ ከባደዋቾ፣ ከአንጋጫ ሽማግሌዎች ስለ አድዋና ስለ ቀደሙት ዓመታት የሰሙትን ቢቀዱ፣ ከኃይሌ ፊልም ጎን የሚቀመጥ ሁለተኛ ትረካ ይገኛል። ያን ጊዜ «እኛ የታለን?» ያለው ተመልካች መልሱን በራሱ ሰዎች አንደበት ይሰማል።