የ፯ እና የ፱ ነገር

ሰሞኑን አንዲት እናት ከአንጋጫ መጥተው፣ በደረቀ ኮባ የጠቀለሉትን ፈትተው ከፊቴ አስቀመጡ። «የዓድዋ ብር ነው ልጄ፤ ጣልያን ሲሸነፍ የተሠራ። አቅልጠህ ለልጅ ልጄ ጉትቻ አድርግልኝ» አሉኝ።

እኛ ሆሳዕና ያለን አንጥረኞች እንዲህ ሲባል ብዙ ሰምተናል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። በሻጋታ የፈሰሰ አስመሳይ ከሆነ ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ይታያል፤ ፊደሉም የሟሸሸ ነው። ቀጥሎ ጣቴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በሌላ ሳንቲም መታ አደርገዋለሁ። እርሳስ ያለበት ዱብ ይላል፤ የእሳቸው ግን ቆይቶ ዘመረ። ሚዛኑ 27 ግራም ተኩል ገደማ አሳየ። ሙሉው 28 ነበር፤ የጎደለውን መዳፍ በልቶታል።

የእሳቸው ዓይነቱ የምኒልክ ብር ፓሪስ የተመታው ሰዉ የለመደውን የማርያ ትሬዛ ብር ክብደት ይዞ ነው፤ ሌላ አያምንም ነበርና። ከሺህ 835 እጁ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ለእኛ ሙያ ይህ ምቹ ነው፤ ንጹሕ ብር ይልፈሰፈሳል፣ መዳቡ ያጠነክረዋል። ሲግል ቢጠቁርም በሎሚ ሲፈላ ይነጣል። የድሮ ሰዎች አንዱን ጠገራ ብር አንድ ወቄት ብለው ስንቱን አምባርና መስቀል ከእሱ አወጡ! እኔም በወጣትነቴ ስንቱን አቅልጫለሁ፤ ዓመቱን እንኳ ሳላይ።

የማርያ ትሬዛ ዓመት ቢያዩትም አይጠቅምም። መቼም ይመታ፣ ሁሌ 1780 ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ሮም ላይ ሲያስመታውም ያው 1780 ነበር። የምኒልኩ ግን ይናገራል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ፲፰፻፹፯ (1887) ይላል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ መጨረሻው ፯ ከሆነ ብሩ ከዓድዋ በፊት፣ ፱ ከሆነ ከዓድዋ በኋላ ነው። ያረጀ ብር ላይ ፯ እና ፱ ይምታታሉ፤ ስለዚህ በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ በጎን ብርሃን ደግሜ አየሁት። ፯ ነው።

«እማማ፣ ይህ ከዓድዋ ይቀድማል» አልኳቸው። የ፲፰፻፹፱ኙ ቢሆንም ስለ ዓድዋ አንድ ቃል የለበትም፤ ያው ንጉሥ፣ ያው አንበሳ ነው። የድል ቃል ካለበት «ሞዐ አንበሳ» የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ከጦርነቱ በፊትም ነበረበት። ድልን ያህል ነገር ብሩ ላይ አለመጻፉ እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኛል። በእርግጥ በእኛ በሐዲያና በከምባታ ያ ዘመን የምኒልክ ጦር የገባበትም ነው፤ ብሩ ላይ ያለውን የንጉሡን መልክ አይቶ ሁሉም ሽማግሌ አንድ ነገር አያስታውስም።

እናትየው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያ ካሰብኩት በላይ ያረጀ ነው ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

ጉትቻውን ከተሰበረ አምባራቸው ሠራሁላቸው። ብሩ ላይ ማንጠልጠያ እንድበይድበት ጠይቀው ነበር፤ እሳት ፊደሉን እንዳይነካው ብዬ በጥርስ የሚይዝ ክፈፍ አበጀሁለት። ፯ቷ ከክፈፉ ውጭ ቀርታለች።