ታሲቶስና የዝምታ ዕዳ

የሞተን ንጉሥ ለመውቀስ ብዙ ድፍረት አያስፈልግም። ንጉሡ በሕይወት ሳለ እጅ እየነሣ ያገለገለ፥ ሹመቱንም ደስ ብሎት የተቀበለ ሰው ግን ስለዚያው ዘመን እውነቱን ልጻፍ ብሎ ብዕር ቢያነሣ፥ አስቀድሞ ስለ ራሱ ምን ሊል ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በሮማዊው ታሪክ ጸሓፊ በቆርኔሌዎስ ታሲቶስ መጻሕፍት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይገኛል። ስለ ታሲቶስ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጨካኞች ቄሣሮች ከሳሽ መሆኑ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የመንግሥት ሹም የነበረውን ታሲቶስን አስቀድመን እንመለከታለን፤ ሹሙን ትቶ ጸሓፊውን ብቻ በትክክል መመዘን የሚቻል አይመስለንምና። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሲቶስ የተወለደው በ56 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመንግሥት ሥራ የጀመረው በቄሣር ቬስፓሲያኖስ ዘመን ሲሆን፥ በቲቶስ ዘመን ከፍ አለ፤ በዶሚቲያኖስም ዘመን ይልቁን ከፍ አለ። ይህን የነገረን ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ነው። በ88 ዓ.ም. ፕሬቶር የሚባለውን የዳኝነት ሹመት ያዘ። በ97 ዓ.ም. ደግሞ ከቄሣሩ በታች ትልቁን ማዕርግ አግኝቶ ኮንሱል ሆነ። በ100 ዓ.ም. ከወዳጁ ከፕሊኒዮስ ጋር ሆኖ፥ የሮማ አፍሪካ አገረ ገዥ የነበረውን ማሪዮስ ፕሪስኮስን በግፍና በጉቦ ከስሶ አስፈረደበት። ወደ ሽምግልናው ሲቃረብም፥ በ112 ዓ.ም. ገደማ፥ እስያ የተባለውን አውራጃ ገዛ። እንግዲህ ታሲቶስ የመንግሥትን ሥራ ከደጅ ቆሞ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

ዶሚቲያኖስ የነገሠው ከ81 እስከ 96 ዓ.ም. ነው። በ93 ዓ.ም. ሩስቲኮስና ሴኔኪዮ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ሰዎች፥ ቀደም ብለው ቄሣሮችን በመቃወማቸው የሞቱትን ትራሴያንና ሄልቪዲዮስን አመስግነው በመጻፋቸው ተገደሉ፤ መጻሕፍታቸውም በአደባባይ ተቃጠሉ። ያን ጊዜ የሟቹ ሄልቪዲዮስ ልጅም በሞት ተቀጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ታሲቶስ አልተገደለም፤ አልተጋዘም፤ ሹመቱንም አልተገፈፈም።

ዶሚቲያኖስ ከተገደለ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ98 ዓ.ም.፥ ታሲቶስ የመጀመሪያ መጽሐፉን አወጣ። ይህም ብሪታንያን ሰባት ዓመት ያህል የገዛው የሚስቱ አባት የአግሪኮላ የሕይወት ታሪክ ነው። በመጽሐፉ ፍጻሜ አጠገብ ታሲቶስ ስለ ወጣቱ ሄልቪዲዮስ ሲናገር፥ ሰውየውን ወደ ወኅኒ የወሰዱት የሸንጎው የራሱ አባላት እጆች መሆናቸውን ይመሰክራል። በምስክርነቱም ራሱን ከእነዚያ እጆች አይለይም። «እነርሱ» ማለት ሲችል «እኛ» አለ። ለእኛ የታሲቶስ ታላቅነት የሚጀምረው ከዚህች አንዲት ቃል ነው። ቄሣሩን የሚራገሙ ብዙዎች ነበሩ፤ ቄሣሩ የሚያዝዘውን በእጃቸው ከፈጸሙት መካከል ራሱን የቈጠረ ግን ጥቂት ነው።

ሆኖም ያው መጽሐፍ ሌላም አሳብ ይዞአል። በክፉ ንጉሥ ሥር እንኳ ደግ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ታዛዥነትና ትሕትና ከሥራ ትጋት ጋር ከተባበሩ፥ አገርን በማይጠቅም ጀብዱ ሞተው ስም ካተረፉት ሰዎች የማያንስ ክብር ያስገኛሉ ይላል። ይህ አሳብ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ስለዚህም ልንጠራጠረው ይገባናል። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ለፈሪ ሁሉ መሸሸጊያ እንደ ሆነ፥ የታሲቶስም ቃል የደመወዝና የሹመት መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ታሲቶስ ጠበቃ የቆመው ለአማቱ ነው ወይስ ለራሱ?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሚገኘው «አናልስ» በተባለው በመጨረሻው ሥራው ውስጥ ነው። በ21 ዓ.ም. ክሉቶሪዮስ ፕሪስኮስ የተባለ ገጣሚ፥ የቄሣር ጢባርዮስ ልጅ ድሩሶስ ታሞ ሳለ፥ ቢሞት ሽልማት አገኝበታለሁ ብሎ የሙሾ ግጥም አዘጋጀ፤ በአንድ ቤትም ለወይዛዝርት አነበበው። ድሩሶስ ግን ዳነ። ገጣሚው ተከስሶ በሸንጎ ፊት ሲቀርብ ሞት ይገባዋል ተባለ። በዚህ ጊዜ ማርቆስ ሌፒዶስ የተባለው መኰንን ተነሥቶ፥ በአንደበት የተሠራ ጥፋት በእጅ ከተሠራ ወንጀል ጋር እኩል ሊቀጣ እንደማይገባ አስረድቶ፥ ቅጣቱ ግዞት እንዲሆን ጠየቀ። ከዚያ ሁሉ የሸንጎ አባል የደገፈው አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ገጣሚውም ወዲያው ተገደለ። ከከተማው ርቆ የነበረው ጢባርዮስ ነገሩን ሲሰማ የቅጣቱን ችኮላ ነቀፈ፤ ሌፒዶስን አመሰገነ፤ ሞት የጠየቀውንም ሰው አልወቀሰም። ከዚያ በኋላ የሸንጎው ፍርድ እስከ ዐሥረኛው ቀን ድረስ እንዳይጸና፥ ለተፈረደበትም ሰው ይህ ጊዜ እንዲሰጠው ተወሰነ። ታሲቶስ ግን ሸንጎው ፍርዱን መልሶ ለመመርመር ነጻነት እንዳልነበረው፥ ጢባርዮስም በቀናት ብዛት የሚራራ ሰው እንዳልነበረ ሳይሸሽግ ይጨምራል።

ሌፒዶስ ቄሣሩን አልሰደበም፤ ሹመቱን አልጣለም፤ ሞትንም አልፈለገም። ነገር ግን ተራው በደረሰ ጊዜ፥ በፊቱ በቀረበው ጉዳይ ላይ የመሰለውን ተናገረ። ሰውየውን አላዳነም፤ ለኋለኞች ግን ጥቂት ቀኖች አተረፈላቸው። ታሲቶስም በዚህ ሰው ምክንያት፥ በጭፍን እምቢታና በወራዳ አጐብዳጅነት መካከል ሰው በጥበቡ የሚሄድበት መንገድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ መካከለኛው መንገድ ዝምታ አይደለም። በአግሪኮላ መጽሐፍ ያልተብራራውን አሳብ፥ የሌፒዶስ ታሪክ እንደሚያርመው እናምናለን።

ታሲቶስን ስናመሰግን ጕድለቱን መሸፈን የለብንም። ከቂምና ከወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንደሚጽፍ በ«አናልስ» መግቢያ ቃል ገብቶአል፤ ቃሉን ግን ሁልጊዜ አልጠበቀም። ጢባርዮስ መልካም ሥራ ሲሠራ ሥራውን ይመዘግብና፥ ከበስተኋላው ክፉ አሳብ እንዳለ በ«ይባላል» ያስገባል። ጢባርዮስ የገዛ ልጁን መርዞአል የተባለውን ወሬ ራሱ ሐሰት ነው ይላል፤ ግን ወሬውን በሰፊው ከተረከው በኋላ ነው። የአንባቢው ልብ ደግሞ ከማስተባበያው ይልቅ ወሬውን ይዞ ይቀራል። በዶሚቲያኖስ ዘመን ያየውን ፍርሃት በጢባርዮስ ፊት ላይ የሳለው ይመስለናል።

ስለ ባዕዳን ሕዝቦችና ስለ ሃይማኖቶች ሲጽፍም ሚዛኑ ይዛባል። ስለ አይሁድ በ«ታሪኮች» አምስተኛ መጽሐፍ የጻፈው፥ በሚገባ ሳይመረመር የተሰበሰበ አሉባልታ ነው። ከዚያም መካከል፥ አይሁድ ከንጉሥ ኬፌዎስ ሸሽተው የወጡ ኢትዮጵያውያን ዘር ናቸው የሚሉ መኖራቸው ተጽፎአል። ክርስቲያኖችንም ይንቃል። ነገር ግን በ64 ዓ.ም. ሮማ በተቃጠለች ጊዜ ኔሮን በደሉን በክርስቲያኖች ላይ እንደ ጣለ፥ ክርስቶስም በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ ትእዛዝ እንደ ተገደለ፥ ሕዝቡም ለአንድ ሰው ጭካኔ ለሚሞቱት ክርስቲያኖች እንዳዘነ ጽፎልናል። ይህ ምስክርነት የሚከበረው ከወዳጅ ያልመጣ በመሆኑ ነው።

የአጻጻፉ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቃላቱም የተቈጠቡ ናቸው። ሰምና ወርቅ የለመደ የአገራችን አንባቢ በታሲቶስ አይቸገርም፤ የቄሣሩ ያማረ ንግግር ሰም ሲሆን፥ ከሥሩ ያለው ፍርሃትና ተንኰል ወርቁ ነውና።

መጻሕፍቱ ለእኛ ትውልድ የደረሱት በጭንቅ ነው። የ«አናልስ» የመጀመሪያዎቹ ስድስት መጻሕፍት የተገኙት በአንድ የብራና ጽሑፍ ብቻ ሲሆን፥ የታተሙትም በ1515 ዓ.ም. ነው። ከታተሙ በኋላ ግን ብዙዎች ለየፍላጎታቸው ተጠቀሙባቸው። ስለ ጀርመን ነገዶች የጻፈውን «ጌርማንያ» የናዚ ሰዎች ለዘር ትምክሕታቸው መሠረት አደረጉት፤ በ1943 ዓ.ም. ወታደሮቻቸው ጥንታዊውን ብራና ፍለጋ በኢጣልያ የአንድ መኰንን ቤት እስከ መበርበር ደረሱ። በኢጣልያ ደግሞ ሙሶሊኒ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1928 ዓ.ም. አገራችንን የያዘ መስሎት የሮማ ግዛት ዳግመኛ ተነሣ ብሎ ዐወጀ። የጥንቷን ሮማ ስም የጠራው ሰው ታሲቶስን በሚገባ አንብቦት ቢሆን ኖሮ፥ ካልጋኮስ የተባለው የብሪታንያ አለቃ ከጦርነት በፊት ያሰማውን ንግግር ባስታወሰ ነበር። በዚያ ንግግር ታሲቶስ፥ ሮማ ሰላም የምትለው የሌላውን አገር ማጥፋት መሆኑን በተወራሪው አንደበት ያናግራል። ለወገኑ ጠላት እንዲህ ያለ ቃል የሰጠ ጸሓፊ፥ የወራሪዎች አወዳሽ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ታሲቶስ የኔርቫንና የትራያኖስን መልካም ዘመን በእርጅናዬ እጽፋለሁ ብሎ ነበር። አልጻፈውም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የጢባርዮስንና የኔሮንን ዘመን ጻፈ። ከ«ታሪኮች»ም የቀሩልን አራት መጻሕፍትና የአምስተኛው ከፊል ብቻ ስለ ሆኑ፥ እርሱ ሹም ሆኖ በዓይኑ ያየውን የዶሚቲያኖስን ዘመን የተረከበት ክፍል ጠፍቶአል። ስለዚያ ዘመን ከብዕሩ የቀረልን ዋናው ምስክር በአግሪኮላ መጽሐፍ ፍጻሜ ያለው «እኛ» የሚለው ቃል ነው። የታሲቶስን መጻሕፍት የሚያነብ ሹም፥ መምህርና ተማሪ ሁሉ ቄሣሮቹን ከመፍረዱ በፊት በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ይቁም። ታሪክ ጸሓፊው የዝምታውን ዕዳ ከፍሎ ጨርሶአል ለማለት አንደፍርም፤ ዕዳ እንዳለበት ግን በገዛ እጁ ፈርሞአል።