ሕሙማን ተኝተውበት የሚታደስ ሆስፒታልና የእሳት መከላከያው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2023 በቤጂንግ ቻንግፌንግ ሆስፒታል በተነሣው እሳት 29 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማን ነበሩ። የከተማው ባለሥልጣናት እንደገለጹት፣ በሕሙማን መኝታ ሕንፃ ውስጥ ይካሄድ ከነበረው የእድሳት ሥራ የፈነጠቀ ብልጭታ የተቀጣጣይ ቀለም ትነት ለኩሶ ነበር። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሰምተን አልፈነዋል። እኔ ግን በሙያችን ላይ የቀረበ ወቀሳ አድርጌ እወስደዋለሁ።

የማስፋፊያ ዕቅድ ሲቀርብልን ሐኪሞች የምንከራከረው ስለ አልጋ ቁጥር፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ስለ መሣሪያዎች ነው። የእሳት መከላከያው የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ በርክክብ ዕለት ብቻ የሚታይ ዕቃም ይመስለናል። ዳሩ ግን ሆስፒታል ይበልጥ ለእሳት የሚጋለጠው በእድሳቱ ወራት ነው። ብየዳ አለ፤ ቀለምና ማቅጠኛ አለ። ጭስ ጠቋሚዎች በአቧራ ምክንያት በሐሰት እንዳይጮኹ በላስቲክ ይሸፈናሉ፤ አዲሱን የውኃ መርጫ መስመር ከነባሩ ለማገናኘት ውኃው ይዘጋል። አደጋው በሚበዛበት ሰዓት መከላከያው ይጠፋል ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ፣ ማስጠንቀቂያው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት፣ ውኃ መርጫው ደግሞ ከ10 ሰዓት በላይ ሥራ ካቆመ ሕንፃው እንዲለቀቅ ወይም የእሳት ጠባቂ እንዲመደብ ያዛል። ሕንፃ መልቀቅ ለቢሮ ይሆናል፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለን ሕመምተኛ በደረጃ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግርም።

ስለዚህ በሆስፒታል ዋናው መከላከያ ግድግዳው ነው። አንዱ ፎቅ ጭስና እሳት በሚያግድ ግድግዳና በር ይከፈላል፤ እሳት ሲነሣ ሕመምተኛው ከነአልጋው ወደ አጎራባቹ ክፍል ይገፋል። እድሳት የሚያበላሸው ይህንኑ ነው። ለኦክስጅን ቧንቧና ለኤሌክትሪክ መስመር ሲባል ግድግዳው ከኮርኒስ በላይ ይበሳል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ኮርኒሱ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ማን ያየዋል? እ.ኤ.አ. በ2021 በባግዳድ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል ቢያንስ 82 ሰዎች በሞቱበት ቃጠሎ፣ የኢራቅ ሲቪል መከላከያ ሆስፒታሉ የእሳት መከላከያ ሥርዓት እንዳልነበረውና ኮርኒሱም እሳቱ እንዲዛመት እንደረዳ ገልጿል።

የዋጋው ክርክር አይጠፋኝም። የውኃ መርጫ ከነፓምፑና ከነማጠራቀሚያው ውድ ነው፤ የከተማ ውኃ በሚቆራረጥበት ቦታም ማጠራቀሚያ የሌለው መርጫ የጣሪያ ጌጥ ነው። ቀዳዳ መድፈን፣ የብየዳ ፈቃድ በየዕለቱ በጽሑፍ መስጠት፣ የተሸፈነውን ጠቋሚ ማታ መግለጥ ግን ያን ያህል ወጪ የለበትም። በፈቃዱ ላይም ከአማካሪ መሐንዲሱ ፊርማ ጎን የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ፊርማ ሊኖር ይገባል እላለሁ፤ በዚያች ሰዓት ስንት ሕሙማን በኦክስጅን ላይ እንዳሉ የምታውቀው እርሷ ናትና።