ጣናን ዘሎ ቀይ ባሕር

ልብወለድ ሲወጣ ሂስ ይጻፍለታል። ፊልም ሲወጣም እንዲሁ፣ ቢያንስ ቲክቶክ ላይ ይሰደባል። የፖለቲካ ትንታኔን ግን፣ ከሁሉም አብልጠን የምንሰማው እሱን ሆኖ ሳለ፣ እንደ አንድ ሥራ ቁጭ ብሎ የገመገመው ሰው እምብዛም አላየሁም። ተንታኙን እንደግፋለን ወይ እንራገማለን፤ «ይሄ የእኛ ነው»፣ «ያ የእነሱ ነው» ብለን እንመድበዋለን። በቃ። እንዴት እንደተሠራ፣ በምን ቃል እንደቆመ፣ ምን እንዳየና ምን እንደዘለለ አንጠይቅም። እኔ እዚህ ልሞክር የፈለግኩት ይህንን ነው። የምመዝንበትም ቦታ አለኝ፦ ቆላ ድባ።

ለማያውቃት፣ ቆላ ድባ የደምቢያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የሚያበቅል ጥቁር አፈር። ሜዳው ሲያልቅ ጣና ይጀምራል። ቦታዋን የመረጥኩት በናፍቆት አይደለም። ትንታኔ ከሚያወራቸው ነገሮች ግማሹ፣ ማለትም ዓባይ፣ ሱዳን፣ ማዳበሪያ፣ ጦርነት፣ የዶላር ዋጋ፣ እዚያ በየሰዉ ደጅ ስላለ ነው።

መጀመሪያ ቅርጹን እንይ። ቀይ ቀስት ያለበት ፎቶ፣ «ሰበር» የሚል ጽሑፍ፣ አንድ ጠያቂ፣ አንድ ተንታኝ፣ ከኋላቸው የመጻሕፍት መደርደሪያ። ርዝመቱ አርባ ደቂቃ፣ ሲብስ አንድ ሰዓት ተኩል። ንግግሩ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል፤ የሚታወቅ ከሆነ ለምን እንደሚነገረን እንጃ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ሊሆን ይችላል» የነበረው ሃያኛው ላይ «ነው» ሆኖ ታገኙታላችሁ። በመሃል የመጣ ማስረጃ የለም፤ ያለፈው ጊዜ ብቻ ነው። ጠያቂው አይጠይቅም፣ ራሱን ይነቀንቃል። ጥያቄ ካለውም «ይህንን ትንሽ ቢያሰፉልን» ነው።

ባለታሪኮቹ ደግሞ ሰዎች አይደሉም፣ አገሮች ናቸው። «ግብጽ ትፈልጋለች»፣ «አሜሪካ ወስናለች»፣ «ኤርትራ ተናዳለች»። ልጅ ሆነን ተረት ስንሰማ ጅቡ ሁሌ ሆዳም፣ ጦጣዋ ሁሌ ብልጥ፣ አህያዋ ሁሌ ተበዪ ነበሩ። ማንም «ይሄኛው ጅብ ዛሬ ለምን አልራበውም?» ብሎ አይጠይቅም። ትንታኔም እንደዚያ ነው፤ ጠባዩ አስቀድሞ ስለተሰጠ አዲስ ነገር ሲፈጠር አዲስ ማሰብ አያስፈልግም። ተረት ነጋሪዋ አያት ግን ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉ ነበር፤ ተረት መሆኑን አልደበቁንም። ተንታኙ የሚለን «ሰብስክራይብ አድርጉ» ነው።

ይህ ሁሉ የአነጋገር ልማድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን ልማዱ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ይወስናል። ዓባይን ውሰዱ። የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። በመሃል ባሉት አሥራ አራት ዓመታት ስለ ካይሮ፣ ስለ ካርቱም፣ ስለ ዋሽንግተን ድርድር ያልተባለ ነገር የለም። ሁሉም ከንቱ ነበር አልልም። እ.ኤ.አ. የ1929ኙና የ1959ኙ ስምምነቶች ምን እንደሚሉ፣ ኢትዮጵያ ለምን እንደማትቀበላቸው፣ ብዙዎቻችን ያወቅነው ከትንታኔ እንጂ ከክፍል አይደለም። ይሄ ውለታ ነው።

ግድቡ በተጀመረበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በ2011፣ ጣና ላይ እምቦጭ መግባቱ ተመዘገበ። መጀመሪያ የታየውም መገጭ ወንዝ ከሐይቁ በሚገናኝበት፣ በደምቢያ በኩል ነው። እምቦጭ መነሻው አማዞን የሆነ ተንሳፋፊ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ፣ ለፎቶ የሚያምር። ውሃው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። ታንኳ አያሳልፍም፣ መረብ አያስጥልም፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ አየር ያሳጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ከብት የሚግጥበትን ዳርቻ ይሸፍናል። የሚመገበው የእኛኑ ትርፍ ነው፦ ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ፣ ጎርፍ የሚያመጣው አፈር። መገጭ ሦስቱንም ያደርስለታል።

በጥቅምት 2013 አረሙን ለማስወገድ የአንድ ወር የሕዝብ ዘመቻ ታወጀ። ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ወሩ ሳያልቅ፣ ጥቅምት 24 ሌሊት፣ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። ትንታኔው በሙሉ ወደዚያ ዞረ፤ መዞሩም አይፈረድበትም። ግን ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ወደ ጣና አልተመለሰም። ዓመት ሳይሞላው ሄዶ ያረፈው ቀይ ባሕር ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ስለ ባሕር በር ተናገሩ፤ ታኅሣሥ 22 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ከሶማሊያ ጋር አንካራ ላይ መግለጫ ወጣ። በእያንዳንዱ ላይ የስንት ሰዓት ትንታኔ እንደተጫነ አስቡት። የመንግሥት ደጋፊው «ታሪካዊ እመርታ» አለ፤ ተቃዋሚው «ማዘናጊያ» አለ። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ካርታ ነበር፣ እዚያ ካርታ ላይ ጣና ሰማያዊ ነጥብ ነው።

የባሕር በር ጥያቄ ትንሽ ነገር ነው እያልኩ አይደለም፤ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ጥያቄው ቢኖረው ተገቢ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ጣና ለዓባይ የሚያዋጣው ውሃ ግድቡ ዘንድ ከሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «እምቦጭ ግድቡን ያደርቀዋል» ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም፤ ያ ራሱ ትንታኔ ይሆናል። የምለው ሌላ ነው። ስለ ዓባይ አሥራ አራት ዓመት ስናወራ ውሃውን አላየነውም።

የቅኔ ተማሪ የሚያውቃት አንዲት ነገር አለች። ሰምና ወርቅ ሲባል ሁላችንም ወርቁን ለማግኘት እንሽቀዳደማለን። ሰሙ ግን ራሱን ችሎ መቆም አለበት፤ ትርጉም ካልሰጠ ቅኔው ወደቀ። የአንጥረኛውም ሥራ እንዲሁ ነው፣ ሰሙ መልክ ካልያዘ ወርቁ የሚፈስበት የለውም። ትንታኔያችን ሰሙን ጥሎ ወርቅ ብቻ የሚሸጥ ሆኗል። «ከጀርባው ያለው ምንድነው?»፣ «እውነተኛው ዓላማ ሲጋለጥ»። ከፊቱ ያለውስ? መገጭ፣ አረሙ፣ መረቡ ባዶ የወጣለት አሳ አስጋሪ? እነዚህ የዓባይ ፖለቲካ ሰም ናቸው፤ ያለ እነሱ የሚነገረው ወርቅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ሱዳንም ላይ ያው ነው። ለደምቢያ ሰው «የውጭ ጉዳይ» ማለት መጀመሪያ ሱዳን ነው። በጥር 1880 የደርቡሽ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውሃ ላይ፣ እዚሁ ደምቢያ ሜዳ ላይ፣ ድል አድርጎ ጎንደር ገባና አቃጠላት። በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ዛሬም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው ቀን ሠራተኛ የድንበሩን ወሬ የሚሰማው ከስቱዲዮ ሳይሆን ከመንገድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ስደተኛው በመተማ በኩል ገባ፤ ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። በሚያዝያ 2016 ብዙዎቹ ደኅንነታችን አልተጠበቀም፣ እንዘረፋለን ብለው መጠለያውን ለቀው ወጡ። ከአንድ ጦርነት የሸሸ ሰው ሌላ ጦርነት መሃል መግባቱ፣ ተቀባዩ ገበሬም ራሱ ተፈናቃይ ለመሆን አንድ ሐሙስ የቀረው መሆኑ፣ ለአንድ ቁምነገረኛ ተንታኝ የዓመት ቀለብ ይሆን ነበር። እኛ ዘንድ ግን ስለ ቡርሃንና ስለ ሔሜቲ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ድሮኑ ከየት እንደመጣ ነበር የሚወራው።

ኢኮኖሚውን ቶሎ ልለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በማግስቱ ሁላችንም የዓለም ገንዘብ ድርጅት ባለሙያ ሆንን። ማዳበሪያ በዶላር እንደሚገዛ ያስታወሰ ተንታኝ እንደነበረ አልክድም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶት አለፈ።

ከባዱ ቦታ የራሳችን ጦርነት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ስለ ክልሉ በጣም በተወራበት ሰሞን የክልሉ ሰው ስልኩ ላይ የሚወራለትን መስማት አይችልም ነበር፤ መልስ መስጠትማ ጭራሽ። ሲወራ የነበረውስ? አንዱ ወገን ሰኞ ዕለት ከተማዋን «ነጻ ወጣች» ይላል፤ ሌላው ማክሰኞ «ወደ ቀደመ ሰላሟ ተመለሰች» ይላል። አንዱ «ጽንፈኛ» ሲል ሌላው «ባንዳ» ይላል። ሁለቱም «ሕዝቡ ከጎናችን ነው» ይላሉ። ሁለቱም ደግሞ አንድ ግስ ይወዳሉ፦ «ተደመሰሰ»። ማን እንደደመሰሰ ይነገራል፤ የተደመሰሰው ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ የት ቀበሌ እንደተወለደ፣ ማን እንዳለቀሰለት አይነገርም። ደምቢያ ውስጥ በአንድ ለቅሶ ላይ ከሁለቱም ወገን ልጅ ያላቸው ሰዎች አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። እነሱ ፊት «ተደመሰሰ» የሚል ቃል አይወጣም። «አለፈ» ነው የሚባለው፣ «ነፍሱን ይማር»። እኔ ይህንን ጨዋነት ብቻ አድርጌ አላየውም፤ የቋንቋ ትክክለኛነት ነው። የሞተው ሰው እንደሆነ ያውቃሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ይገባኛል። «አገር ውስጥ ያለው ሲናገር ይታሰራል፤ በአዋጁ ዘመን ጋዜጠኞች ታስረዋል፤ ውጭ ያለው ባይናገር ማን ይናገር?» እውነት ነው። የተዘጋ አፍ ባለበት አገር ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ዋጋ አለው። ነገር ግን ከሩቅ የሚናገር ሰው ሊገዛው የሚችለው አንድ ነገር አለ፣ ጊዜ። ስልክ መደወል፣ ከሦስት ሰው መጠየቅ፣ «ይህን አላረጋገጥኩም» ማለት፣ አንድ ሳምንት መጠበቅ። የሚኖርበት ከተማ ነገ ጠዋት መንገዱ አይዘጋበትም፤ ስለዚህ የመጠንቀቅ አቅም ያለው እሱ ነው። እያየን ያለነው ተቃራኒውን ነው፤ አደጋው የራቀው ሰው ነው የሚጣደፈው።

አማርኛ ይህን መሥራት የማይችል ቋንቋ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን እ.ኤ.አ. በ1912 ሲያሳትም ወጣት ነበር። ነገሥታቱን ያመሰግናል፣ ይወቅሳልም፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል፦ ግብሩ እንዴት ይስተካከል፣ ገንዘቡ፣ ጉምሩኩ። ከሞተ በኋላ በ1916 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲገበያይ ማን እንደሚጎዳ አንድ በአንድ ያስረዳል። ጀርመን ተምሯል፣ ጃፓንን ይጠቅሳል፣ አውሮፓ ምን እንደምትፈልግም አይጠፋውም። ግን አውሮፓን የሚያመጣት የገበሬውን ግብር ለማስረዳት ነው፣ ገበሬውን የሚያመጣው አውሮፓን ለማስረዳት አይደለም። የአስተሳሰቡ አቅጣጫ ከዛሬው ተንታኝ ጋር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ጉምሩክ ውስጥ ሠርቷል፤ የሚያወራውን ቀረጥ በእጁ ያውቀዋል።

ጎርጎራ ላይ ዛሬ ሪዞርት አለ፤ በ2012 ከወንጪና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ታቅዶ በ2016 የተመረቀ። ስለ እሱም ሁለት ዓይነት ትንታኔ አይቻለሁ። አንደኛው የድሮን ቪዲዮ ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ። ሁለተኛው «ሕዝብ እየተራበ መናፈሻ» የሚል ነው። ክፍሉ በቀን ስንት እንደሆነ፣ ከአካባቢው ስንት ሰው እንደተቀጠረ፣ አሳ ከማን እንደሚገዛ፣ ፍሳሹ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ሦስተኛ አላገኘሁም።

ቅድም ስለ መገጭ አነሳሁ። ወንዙ ላይ የሚሠራ ግድብም አለ፣ የመገጭ ግድብ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት የኖረ። የጎንደር ከተማ የሚጠጣው ውሃ በፈረቃ ነው፣ የአንገረብ ግድብም በደለል እየተሞላ ነው፣ ከታች ያለው የደምቢያ ሜዳ ደግሞ መስኖ ይጠብቃል። ግድብ፣ ውሃ፣ የመንግሥት ገንዘብ፣ ተቋራጭ፣ ከመሬቱ የተነሳ ገበሬ፤ ትንታኔ የሚወዳቸው ነገሮች ሁሉ አሉበት፣ አሜሪካ ብቻ የለችበትም። ባለፈው ሳምንት ስሙን ዩቲዩብ ላይ ጽፌ ፈለግኩ። ያገኘሁት የጉብኝት ዜና ነው፤ ባለሥልጣን፣ የራስ ቆብ፣ ጭቃ፣ ጭብጨባ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ከሥሩ አልጎሪዝሙ ቀጥሎ እንዳየው ያቀረበልኝ «አሰብ፦ ድብቁ ዕቅድ» የሚል የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ነበር።