ለሳቅ ቦታ መተው

ኮሜዲ ኤዲት እያደረግኩ ነው የምኖረው። ሲኒማ ቤት ስገባ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ቢሆንም ጆሮዬ ከተመልካቹ ጋር ነው፤ ማን ሳቀ፣ የቱ ጋ ሳቀ፣ ሳቁ ምን ያህል ቆየ፣ ቀጥሎ የመጣው ንግግር ተሰማ ወይስ በሳቁ ተዋጠ። እንዲህ ያለ ጆሮ ላለው ሰው «ዴድፑል» ተደጋግሞ የሚታይ ፊልም ነው። በ2016 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ባለጌ ፊልም ነው፤ ይሳደባል፣ ደም ይረጫል፣ የመኝታ ቤት ወሬ አይቀረውም። አሜሪካ ውስጥ «አር» የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳይገባ ተደረገ፤ እንግሊዝ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ላለ ሁሉ ከለከለችው። ቻይና ጭራሽ ሲኒማ ቤት አላስገባችውም። እንዲያም ሆኖ በ58 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 780 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ ወሬው ቶሎ ብልግናው ላይ ያርፋል። የወደዱት «በሳቅ ፈረስኩ» ይላሉ፤ የጠሉት «ስድ ነው» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። ሁለቱም የሰሙት ያንኑ ስድብ ነው። ታዲያ አንዱን አስቆ ሌላውን ያስቀየመው ምንድን ነው? እኔ ከስድቡ ይልቅ ከስድቡ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ነው የምጠረጥረው። ነውረኛ ቀልድ ከተመልካቹ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ፈቃዱ የሚገኘው ደግሞ በትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ እሱ እንግዲህ የኔ ሙያ ነው።

መክፈቻውን እንይ። መኪና እየተገለበጠ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ባለበት ደርቆ ቆሟል። ካሜራው በተሰባበረው መስታወትና በተንጠለጠሉት ወንበዴዎች መሃል ቀስ ብሎ ይዋኛል። የሚሰማው የድሮ ልስልስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው። የተዋንያን ስም በሚጻፍበት ቦታ ስም የሚባል የለም፤ የገጸ ባሕርያቱ ዓይነት ብቻ ነው የተዘረዘረው፦ እንግሊዛዊ ክፉ ሰው፣ ኩርፊያ የማይለያት ኮረዳ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ፍጡር። ፕሮዲውሰሮቹ ተሰድበዋል። ዳይሬክተሩ ገንዘብ የበዛበት ደደብ ተብሏል። ራሳቸውን ጀግና ያሉት ጸሐፊዎቹ ብቻ ናቸው (ጸሐፊ የሆነ ጓደኛ ያለው ሰው እዚህ ላይ ብቻውን ይስቃል)። በአየር ላይ ከተንሳፈፈው ኮተት መካከል ዋናው ተዋናይ ራያን ሬይኖልድስ ቆንጆ ወንድ ተብሎ የወጣበት መጽሔት አለ። በ2011 ሠርቶ ያልተሳካለትን «ግሪን ላንተርን» የሚያስታውስ ካርድም አለ።

ፊልሙ ሌላ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ራሱን ሰድቦ ጨረሰ ማለት ነው። አዝማሪ ቤት ከፊት የሚቀመጥ ሰው እንደሚሰደብ አውቆ ነው የሚቀመጠው፤ ስድቡ ሲመጣም ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል እንጂ ለጠብ አይነሳም። መክፈቻው ከተመልካቹ ጋር የሚዋዋለው ይህን ውል ነው። የካሜራውን ቀስታ ደግሞ ልብ በሉ። ካርዱን ያወቀው ይስቃል፤ ያላወቀው ጽሑፉን አንብቦ ይስቃል፤ ሁለቱም ጊዜ አላቸው። ፈጣን መክፈቻ የሚወድ ኤዲተር ቢይዘው ኖሮ ከአዳራሹ ግማሹን ያጣ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፊልም ላይ አርፍዶ የሚገባ ሰው ያሳዝነኛል። ሌሎቹ የተዋዋሉትን አላየም፤ ወንበሩን በጨለማ እየዳበሰ ሲፈልግ ያሳለፈው መክፈቻ ለቀረው ሰዓት ሁሉ ያስፈልገዋል።

ያለ ውል የገቡት ግን አርፋጆች ብቻ አልነበሩም። ቀይ ልብስ የለበሰ ጀግና ፖስተር ላይ አይተው ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ወላጆች ነበሩ፤ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች «ይህ የልጅ ፊልም አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ እስከ መለጠፍ ደርሰዋል። እነዚያ ወላጆች ተናደው ቢወጡ አልፈርድባቸውም። ጭምብልና ጎራዴ ለብዙ ዓመት የልጆች ምልክት ሆኖ ኖሯል።

እኛ ቤት ደግሞ ፊልም ሳሎን ውስጥ ነው የሚታየው፤ ሳሎን የራሱ ሳንሱር አለው። አንድ ቀን ዘመዶቼ ቤት ወጣቶቹ ፊልሙን ከፍላሽ ላይ ከፍተው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እትዬ የቡና ረከቦቱን ይዘው ገቡ። ሳቁ ወዲያው ቆመ፤ አንዱ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ቀነሰ፣ ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ዴድፑል ከብረቱ ሰው ከኮሎሰስ ጋር በካቴና ታስሮ ቆይቶ የራሱን እጅ ቆርጦ አምልጧል፤ አሁን በተቆረጠው ምትክ አዲስ እጅ እየበቀለለት ነው፤ ትንሽዬ፣ የአራስ ልጅ የምታክል እጅ። እትዬ ረከቦቱን እንደያዙ ቆመው አዩና «ውይ በሞትኩት፣ የሕፃን እጅ!» ብለው በሳቅ ተንከተከቱ። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ መሳቅ ይቻላል ወይስ አይቻልም? ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድቦች ላይ አንድም የሳቀ አልነበረም፤ እትዬ እስኪወጡ ድረስ ቀልዱ ሁሉ መሬት ላይ እየወደቀ ቀረ። የፊልሙ ሰዎች አንድ ፍሬም አልነኩም፤ ክፍሉ ውስጥ የገባው ሰው ነው ኤዲት ያደረገው።

ሙያዬን ይዤ የምቀናበት ነገር ጭምብሉ ነው። በ2009 በወጣው «ኤክስ-ሜን ኦሪጅንስ፦ ዎልቨሪን» ይኸው ሬይኖልድስ ይኸንኑ ገጸ ባሕርይ ሲጫወት በመጨረሻ አፉን ሰፍተውት ነበር። ከአፉ በቀር ምን አለው? ገጸ ባሕርዩ የመጣበት የካርቱን መጽሐፍ ወዳጆች ለዓመታት ተቆጡ። በ2014 ለአዲሱ ፊልም የተሠራው የሙከራ ቀረጻ ሾልኮ ሲወጣ የነዚሁ ሰዎች ጩኸት ነው ስቱዲዮውን «ይሠራ» ያሰኘው። አዲሱ ፊልም አፉን ፈቶ ከጭምብል ጀርባ አስቀመጠው፤ ይህ ለኤዲተር ሎተሪ ነው። ከንፈር ስለማይታይ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ቀልዱን ቀይሮ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና መቅዳት ይቻላል። ዓይኖቹን እንኳ ዌታ ዲጂታል የተባለው ድርጅት በኮምፒውተር ነው ያንቀሳቀሳቸው፤ ስለዚህ ንግግሩ ሲቀየር ግርምቱም ሆነ ጥርጣሬው አብሮ ሊቀየር ይችላል። የኔ ተዋንያን አፋቸው ይታያል። አንድ ቀልድ ከከሸፈ ያለኝ መላ ተናጋሪውን ትቼ ወደሚያዳምጠው ሰው ፊት መቁረጥ፣ ወይም ከኋላ የተቀረጸ ማጅራት ፈልጌ አዲሱን ንግግር እሱ ላይ መጫን ነው። በማጅራት የዳነ ኮሜዲ ብዙ ነው።

ነፃነቱ ግን ያጠግባል። ዴድፑል ዝም አይልም፤ አንዱ ቀልድ ሳይረግፍ ሌላው ይደርሳል፤ አዳራሹ ሲስቅ ሁለት ሦስት ንግግር ያልፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የማርክስ ወንድማማቾች በ1935 የወጣውን «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ከመቅረጻቸው በፊት ትዕይንቶቹን መድረክ ላይ ይዘው ከተማ ለከተማ ዞሩ፤ ሕዝቡ የቱ ጋ እንደሚስቅና ምን ያህል እንደሚቆይ ለክተው ፊልሙ ውስጥ ያንን ያህል ቦታ ተዉ። እኔ ልቤ ከነሱ ጋር ነው። ዴድፑል ግን ሆን ብሎ በሳቁ ላይ ይናገራል፤ ያመለጠህን ለመስማት ተመልሰህ ትመጣለህ ብሎ ተማምኗል፤ ብዙዎችም ተመለሱ።

የምር ሲቆም ታዲያ ይቆማል። ዌድ (ዴድፑል ጭምብሉን ከማጥለቁ በፊት ያለው ስሙ ነው) ካንሰር እንዳለበት የሚነገርበትን የሐኪም ክፍል ተመልከቱ። ሐኪሙ ያወራል፣ ፍቅረኛው ቫኔሳ መላ እያወጣች ነው፣ ያ አፉ የማይዘጋ ሰው ደግሞ ፊቷን በቃሉ ለመያዝ ይመስል ያያታል። ያቺ ቦታ ከስድቦቹ ሁሉ ይልቅ ፈቃዱን የምታድሰው ናት። ፊልሙ በዚያች ቅጽበት ላይ አያፌዝም፤ ተመልካቹም የማይነካ ነገር እንዳለ ካወቀ በኋላ ለቀረው ይለቀቃል። ፊልሙ ለቫለንታይን ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው መውጣቱ፣ ማስታወቂያዎቹም አንዳንዶቹ የፍቅር ፊልም መስለው መሠራታቸው ቀልድ ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረም።

ቦርሳውንም ልጥቀስ። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ስቱዲዮው ከበጀቱ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ። ለመጨረሻው ውጊያ የታሰበው ተኩስ ሊከፈል አልቻለም፤ ጸሐፊዎቹ ዴድፑል መሣሪያ የሞላውን ቦርሳ ታክሲ ውስጥ እንዲረሳው አደረጉ። ሰው ቦርሳው ላይ ሳቀ። ተኩሱ ቢኖር ኖሮ የሚስቅ አልነበረም፤ ተኩስ ሲያይ ሰው ፋንድሻውን ነው የሚበላው።

በ2018 ስቱዲዮው ሁለተኛውን ክፍል ለታዳጊዎች አለስልሶ «ዋንስ አፖን ኤ ዴድፑል» በሚል ስም አወጣው። አንዳንዱን ስድብ በ«ጢጥ» ድምፅ ሸፈኑት። ጢጡ አንዳንዴ ከስድቡ ይልቅ ያስቃል፤ ተመልካቹ የባሰውን በልቡ ይሞላዋል። የተቆረጠው ደም ግን ሌላ ነው። የሰይፍ ምት ተነሥቶ ማረፊያው ካልታየ ቀልዱ በአየር ላይ ይቀራል፤ ቀልዱ የነበረው ማረፊያው ላይ ነውና።

በ2024 «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» ሲመጣ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ የአዳራሹም ድምፅ ተለወጠ። ከሳቅ ይልቅ ጩኸትና ጭብጨባ በዛ። ዌስሊ ስናይፕስ የድሮ ገጸ ባሕርዩን ብሌድን ሆኖ እንደገና ሲወጣ የሚጮኸው ሰው በቀልድ አይደለም፤ የድሮ ወዳጁን ስላገኘ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ክሪስ ኢቫንስ የሚገለጥበትን ነው። ሁሉም ካፒቴን አሜሪካ መጣ ብሎ ይጠብቃል፤ ሰውየው ግን ከዓመታት በፊት በሌላ ፊልም የተጫወተው ጆኒ ስቶርም ሆኖ ይገኛል። ይህ ቀልድ ያለ ተመልካቹ ትዝታ ምንም አይደለም። ጩኸቱ ደግሞ ከሳቅ ረዘም ስለሚል የኤዲተሩን ሥራ ያከብደዋል፤ ቦታ ከተተወለት ብቻውን ቤቱ የሚያይ ሰው ተዋንያኑ ለምን ዝም እንዳሉ አይገባውም፤ ካልተተወለት አዳራሹ ቀጣዩን አይሰማም።

የኔ ፕሮዲውሰሮች አንዱን ፊልም ለሲኒማ ቤትም ለዩቲዩብም እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ «ክፍተቱን አጥብበው፣ በስልክ ያሰለቻል» ይሉኛል። እኔ አሁንም የምቆርጠው ለአዳራሹ ነው። በስልክ የሚያይ ሰው ከሰለቸው በጣቱ ያሳልፈዋል፤ አዳራሽ ውስጥ ያለው ግን በሳቅ የተዋጠበትን ንግግር የሚመልስበት ቁልፍ የለውም።