ያልተቆረጠው ቁርጥ ዋጋ

አንባቢ «የምርመራ ሪፖርትም እንደ መጽሐፍ ይተቻል እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። ሎርድ ሃርዲ የተባሉት የቀድሞ ዳኛ የኤድንብራን ከተማ ትራም ጉዳይ መርምረው በሴፕቴምበር 2023 ያወጡት ሰነድ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዛ ያለው ንባብ አይደለም። ግዙፍ ነው፤ ቋንቋው የሕግ ሰው ቋንቋ ነው፤ በየገጹ የሚመላለሱት ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ ናቸው። ሆኖም ይህን ሁሉ የተሸከመችው አንዲት ቃል ናት፤ ስለ ቃል የሚገደው ሰው ደግሞ ሳያያት ማለፍ የለበትም። ቃሏ «ቁርጥ ዋጋ» ትባላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤድንብራ የድሮ ትራሟን በ1956 ነቅላ ጥላ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንደገና አማራትና ምክር ቤቷ ሥራውን የሚመራ «ታይ» የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በዲሴምበር 2007 ዕቅዱ ጸደቀ። መስመሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስቶ መሐል ከተማውን ያቋርጥና ሊት በተባለው የወደብ ሰፈር በኩል ኒውሄቨን ባሕር ዳር ይደርሳል ተባለ። በጀቱ 545 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን 500 ሚሊዮኑ ከስኮትላንድ መንግሥት የሚመጣ ነበር። በሜይ 2008 ቢልፊንገር በርገርና ሲመንስ ከተባሉት የጀርመን ድርጅቶች ጋር ውል ተፈረመ። ለምክር ቤቱ አባላትም የዋጋው አብዛኛው ክፍል ቁርጥ ነው ተብሎ ተነገራቸው።

መርካቶ ውስጥ «ቁርጡን ንገረኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቁጥር እንደማይነቃነቅ ያውቃል። የኤድንብራው ቁርጥ ግን ከጀርባው አባሪ ነበረው። በውሉ አባሪ ውስጥ የግምቶች ዝርዝር ተቀምጧል፤ ንድፉ ከዚህ በላይ አይለወጥም፣ ከመንገዱ ሥር ያሉት የውኃና የጋዝ ቧንቧዎች አስቀድመው ይነሳሉ እያለ ይቀጥላል። ከግምቶቹ አንዱ ሳይሟላ ከቀረ ዋጋው እንደገና ይሰላል። ውሉ ሲፈረም ንድፉ አላለቀም ነበር፤ ቧንቧዎቹም አልተነሱም። ከግምቶቹ አንዳንዶቹ ገና በፊርማው ዕለት እውነት እንዳልነበሩ ሪፖርቱ ያሳያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 2009፣ ዋናው የፕሪንስስ ጎዳና ሥራ ሊጀመር ሲል ተቋራጩና ታይ ተጣሉ። ከዚያ ወዲያ የተሠራው ከሐዲዱ ይልቅ ክርክር ነበር።

ሪፖርቱ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ መቼ እንዳወቀና ለማን ሳይነግር እንደቀረ በትዕግሥት ይከታተላል። የታይ ኃላፊዎች አሳሳች ዘገባ አቀረቡ፤ የምክር ቤቱ የሕግ ሠራተኞች አደጋውን ለአባላቱ አላሳወቁም፤ ምክር ቤቱ ውሉን የሚመረምርለት የራሱ ገለልተኛ ጠበቃ እንኳ አላቆመም። የስኮትላንድ መንግሥት ሹማምንትም አላመለጡም። በ2007 ትራሙን ለመሰረዝ ሞክረው በፓርላማ ድምፅ ሲሸነፉ፣ ገንዘቡን ሰጥተው የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤታቸውን ግን ወደ ኋላ ሳቡት። ያኮረፈ አማት ለሠርግ ገንዘብ ልኮ ከድግሱ እንደሚቀረው መሆኑ ነው።

ከሪፖርቱ ጋር የምጣላበት ቦታ አለ፤ የምክር ቤት አባላቱ ጉዳይ። ሎርድ ሃርዲ እነሱን በአመዛኙ እንደ ተታለሉ ሰዎች ያያቸዋል። ተታለዋል፤ አልክድም። ግን አባሪውን አምጡና አሳዩን የሚል ጥያቄ ለመጠየቅ ሕግ አዋቂ መሆን ያስፈልጋል? ደግሞም ሁሉ ነገር በግልጽ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ጊዜ ምን እንዳደረጉ እናውቃለን። በ2011 ታይ ፈርሶ፣ ኪሳራው ታውቆ፣ ኦገስት 25 ቀን መስመሩ ከመሐል ከተማው ዳር ሄይማርኬት ላይ ይቁም ብለው ወሰኑ። መንግሥት የቀረውን 72 ሚሊዮን ፓውንድ አልሰጥም ሲል፣ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን ውሳኔያቸውን ገልብጠው ወደ መሐል ይግባ አሉ። ሁለተኛው ውሳኔ ከፊተኛው የተሻለ እንደነበር አምናለሁ። ያን ሳምንት ግን ማንም አላታለላቸውም።

ትራሙ በሜይ 31 ቀን 2014 ሥራ ጀመረ፤ ከታሰበው ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ በ776 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ያውም ባሕሩ ጋ ሳይደርስ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ። መንገዳቸው ለቧንቧ ሲቆፈርና ሲደፈን የከረመባቸው የሊት ባለሱቆች አንድ ትራም እንኳ ሳያልፍባቸው ቀሩ። ምርመራው የታወጀው በዚያው ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመትና ከ13 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጀ። ምክር ቤቱ እስከዚያ አልጠበቀም፤ በ2019 የቀረውን መስመር ለማስቀጠል ወሰነ፣ ትራሙም በጁን 2023 ኒውሄቨን ገባ። ሪፖርቱ የወጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለሁለተኛው ሥራ ትምህርት ይሆናል የተባለው ሁለተኛው ሥራ ካለቀ በኋላ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልባቸው ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይመስለኝም።

ይህን እየጻፍኩ የራሳችን ባቡር ትዝ ይለኛል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2015 ሲከፈት 34 ኪሎ ሜትር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር ነበር። ግንባታው ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ኤድንብራ በዚህ ልትቀናብን ይገባል። ከዚያ ግን መለዋወጫ ጠፋና ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ፤ በየፌርማታው የሚጠብቀው ሰልፍ ረዘመ። የጥገናውና የመለዋወጫው ነገር ሲፈረም ምን ተብሎ ነበር? ማንስ አንብቦት ነበር? ይህን ቃለ ጉባኤ በቃለ ጉባኤ የሚያስረዳ ሰነድ እኔ ለሕዝብ ቀርቦ አላየሁም። የዘገየውን የስኮትላንዶች ጩኸት እየነቀፍኩ መልሼ የምቀናበት ምክንያት ይህ ነው።

ከሪፖርቱ 24 ምክረ ሐሳቦች አንዱን ብቻ ወደ አማርኛ መልስ ብባል የትኛውን እንደምመርጥ አውቃለሁ። እያወቁ ለምክር ቤት አባላት ሐሰተኛ ዘገባ የሚያቀርቡ ሰዎችና ድርጅቶች በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም የሚጠየቁበት ሕግ ያስፈልግ እንደሆነ መንግሥት ያስብበት የሚለውን ነው። አባሪ ሳያዩ እጅ ስለሚያወጡት አባላትም አንድ መስመር ብጨምርበት ሎርድ ሃርዲ ይቆጡኝ ይሆን?