የደሙ ብልቃጥና የስምንት ሰዓቱ ፊልም

«ኦጄ ሲምሰን ገድሏል ወይስ አልገደለም?» ብዬ ብጠይቃችሁ አብዛኛዎቻችሁ መልሱ በእጃችሁ ነው። «ፖሊስ ያቀረበው ማስረጃ የሚታመን ነበር ወይ?» ብል ደግሞ ያንኑ የፊተኛውን መልስ ታመጡልኛላችሁ። ገድሏል የሚለው ሰው ማስረጃው እንከን የለበትም ይላል፤ አልገደለም የሚለው ማስረጃው ሁሉ የፖሊስ ተንኮል ነው ይላል። ሰውየው በኤፕሪል 2024 በሞተ ሰሞን ታክሲዬ ውስጥ የገባው ተሳፋሪ ሁሉ በዚህ መንገድ ለሁለት ሲከፈል ሰምቻለሁ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) እኔ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው ባይ ነኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም ኤዝራ ኤደልማን በ2016 ያወጣው «ኦጄ፦ ሜድ ኢን አሜሪካ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ነው።

ፊልሙ አምስት ክፍል አለው፤ ርዝመቱ ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። በ2017 ኦስካር ተሸልሟል፤ ሽልማቱም ይገባዋል። ትልቁ ችሎታው ግድያውን ከመንገሩ በፊት ከተማዋን መንገሩ ነው። የ1965ቱን የዋትስ ዓመፅ ያሳየናል። በ1979 በ22 ዶላር የጋዝ ሒሳብ ጠብ ሳቢያ ፖሊሶች በራፏ ላይ ተኩሰው የገደሏትን እናት ያሳየናል። በ1991 ሮድኒ ኪንግ በቪዲዮ እየተቀረጸ ሲደበደብ፣ በ1992 ደግሞ ደብዳቢዎቹ ነጻ ሲለቀቁና ከተማዋ ስትቃጠል ያሳየናል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው የሎስ አንጀለስ ጥቁር ሕዝብ ፖሊስን ለምን እንደማያምን አይጠይቅም። እኛም ብንሆን «ፖሊስ ነው ያለው» ሲባል አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን የምናልፍ ሰዎች ነን፤ ከየት እንደመጣን እናውቃለንና።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ፊልሙ ሕዝቡ የጠረጠረበትን ታሪክ በሰፊው ይነግረንና የተጠረጠረውን ማስረጃ ራሱን ለመመርመር ሲደርስ ይቸኩላል። ሲጨርስ ተመልካቹ «ጥርጣሬው በቀል ነበር» ብሎ ይነሣል። አንዲት የጁሪ አባል፣ ከጁሪው 90 ከመቶ ያህሉ ስለ ሮድኒ ኪንግ ሲል ነጻ እንዳወጣው ትናገራለች። ይህ ንግግር በየጋዜጣው ዞሯል። ነገር ግን የአንዷ ቃል የአሥራ ሁለቱን ልብ አይገልጥም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ደሙ የሚነግረን ነገር የለም። እስቲ ወደ ደሙ እንሂድ።

ኒኮል ብራውን ሲምሰንና ሮናልድ ጎልድማን የተገደሉት ጁን 12 ቀን 1994 ሌሊት ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሲምሰን በፖሊስ መምሪያው ደም ሰጠ። መርማሪው ፊሊፕ ቫናተር ብልቃጡን እዚያው ወደ ኤግዚቢት ክፍል ማስገባት ሲችል፣ ይዞት ማስረጃ ወደሚሰበሰብበት ወደ ተጠርጣሪው ቤት ሄደ። ለባለሙያው በእጁ ለመስጠት ነው አለ። ደሙን የቀዳው ነርስ መጀመሪያ 8 ሲሲ ያህል መቅዳቱን ተናገረ፤ ጠበቆቹ ሲደምሩት 1.5 ሲሲ ጎደለ። ነርሱ በኋላ «ያነሰ ሊሆን ይችላል» ቢልም የጎደለው ደም ወሬ አንዴ ከአፍ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለሁ የተማሪዎቼን የማጠቃለያ ፈተና ወረቀት ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ መሄድ ነበረብኝ። ቁልፍ ያዡ ቀድሞ ሄዷል፤ ወረቀቱን ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። ውጤት በተነገረ ጊዜ የአንዱ ልጅ አባት መጥቶ «ልጄ የጻፈው ይህን አይደለም» አለ። እኔ አንዲት ፊደል እንዳልነካሁ አውቃለሁ። ርእሰ መምህሩ ግን «ሌሊቱን የት አደረ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከመማል በቀር የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ፈተናው እንደገና ተሰጠ፤ ክፍሉ ሁሉ በእኔ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተፈተነ። ቫናተርም ምናልባት እንደ እኔ ቅን ሰው ይሆናል። ቅንነቱን ለጁሪው የሚያስረዳበት ወረቀት ግን በእጁ አልነበረም።

ሌላም አለ። ከናሙናዎቹ ብዙውን የሰበሰበችው ገና በልምምድ ላይ የነበረች ባለሙያ ናት። እርጥቡ ናሙና በፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ በሞቃት መኪና ውስጥ ቆየ። አለቃዋ ዴኒስ ፈንግ በባሪ ሼክ መስቀለኛ ጥያቄ ፊት ለቀናት ላብ በላብ ሆነ። በኋለኛው በር ላይ የነበረውን ደም ፖሊሶች በመጀመሪያው ሌሊት አይተነዋል ብለዋል፤ የተሰበሰበው ግን ጁላይ 3 ነው። በካልሲው ላይ ደም መኖሩ የታወቀው በኦገስት ነው። እንግዲህ የበሩንና የካልሲውን ደም «ከብልቃጡ ቀድተው ነው የቀቡት» የሚል ጠበቃ መጠየቂያ ቀዳዳ አግኝቷል፤ ያ ቀዳዳ ብቻውን ቅባቱን አያረጋግጥም እንጂ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ላስቀይም። በሟቾቹ አጠገብ፣ ከጫማው ዱካ በስተግራ የተንጠባጠቡት የደም ጠብታዎች የተሰበሰቡት ጁን 13 ጠዋት ነው። የሲምሰን ደም የተቀዳው ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ያልተቀዳ ደም ጠዋት እንዴት አድርጎ መሬት ላይ ይንጠባጠባል? ጠበቆቹ ይህን ስለሚያውቁ በእነዚህ ጠብታዎች ላይ ሌላ መከራከሪያ አመጡ፤ ናሙናው በሙቀት ተበላሽቶ ኋላ በላቦራቶሪ ከሲምሰን ደም ጋር ተነካክቷል አሉ። ይህ ከሤራ ፈጽሞ የተለየ ክስ ነው፤ አንዱ ክፋት ነው፣ ሌላው ዝርክርክነት። ሕዝቡ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ፖሊስ ነው የሠራው» አለ። ሰውየው የግራ እጁ ጣት ተቆርጦ እንደነበረም እያወቀ። ስምንት ሰዓት ያለው ፊልም ይህን የጠዋትና የከሰዓት ነገር ረጋ ብሎ ቢያስረዳን ምን ነበረበት?

የማርክ ፈርማን ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሁለተኛውን ጓንት በሲምሰን ግቢ አገኘሁ ያለው እርሱ ነው። ከእርሱ ቀድመው ግድያው ስፍራ የደረሱ ፖሊሶች ያዩት አንድ ጓንት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አንሥቶ ወሰደው ለማለት መነሻ አይገኝም። ሰውየው ግን ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል በአሥር ዓመት ውስጥ አልተናገርኩም ብሎ ማለ፤ ከዚያ ድምፁ በቴፕ ተገኘ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995፣ ጁሪው በሌለበት፣ ማስረጃ ፈጥረህ ታውቃለህ ወይ ሲባል ራሴን ላለመወንጀል አልመልስም አለ። በ1996 በሐሰት በመመስከር ተቀጣ። ያ ጓንት እውነተኛ ቢሆን እንኳ ያቀረበው ምላስ ረክሷል። በካሊፎርኒያም ዳኛው ለጁሪ የሚሰጠው መመሪያ አለ፤ በዋና ነገር አውቆ የዋሸን ምስክር የቀረውንም ቃሉን ለመጠራጠር ይፈቅዳል።

«የአሜሪካ ፖሊስ እንዲህ አያደርግም» ለምትሉ፦ ከፍርዱ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በዚያው ከተማ የራምፓርት ቅሌት ወጣ። ራፋኤል ፔሬዝ የተባለ ፖሊስ ከኤግዚቢት ክፍል ኮኬይን ሰርቆ ተያዘና ጓደኞቹንና ራሱን አጋለጠ። ባዶ እጁን የነበረ የ19 ዓመት ወጣት ተኩሰው ሽባ ካደረጉት በኋላ ጠመንጃ አስቀምጠው ወንጅለውታል፤ 23 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ከመቶ በላይ ፍርዶች ተሰረዙ። እንግዲህ ሕዝቡ ፖሊስ ማስረጃ ይፈጥራል ሲል አላበደም። ያ ወንጀል በራምፓርት መፈጸሙ ግን በሲምሰን ግቢም ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ነው ፊልሙም፣ ተሳፋሪዎቼም የዘለሉት።

እኔ በበኩሌ የጠዋቱን ጠብታ ይዤ፣ ሲምሰን ገድሏል ብዬ አምናለሁ። በ1997 በፍትሐ ብሔር የፈረደበት ሌላ ጁሪም ለሟቾቹ ቤተሰቦች 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል፤ እዚያ ግን ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ይበቃል። በ1995ቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የቫናተርን ብልቃጥና የፈርማንን መሐላ ሰምቼ፣ ጥርጣሬ የለኝም ብዬ እጄን አነሣ ነበር ወይ? ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፤ አላነሣም ነበር። የማልወቅሰው ውሳኔያቸውን ነው። የዘጠኝ ወር ችሎት ሰምተው ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተነጋግረው መነሣታቸውን ግን እወቅሳለሁ።

ከመካከላችን ዜግነት የወሰድን ሁሉ የጁሪ ጥሪ በፖስታ ይደርሰናል። ብዙዎቻችን «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብለን ለማምለጥ እንሞክራለን። ፊልሙን እዩት፤ አይቆጫችሁም። የፍርድ ቤቱ ክፍል ላይ ስትደርሱ ግን ወረቀትና እርሳስ አጠገባችሁ ይሁን፤ እያንዳንዱ ደም በስንት ቀንና በስንት ሰዓት እንደተሰበሰበ፣ በማን እጅ እንደቆየም ጻፉ። ፊልሙ የማይነግራችሁን ባዶ ተዉት፤ ባዶው መስመር ስንት እንደሆነ በኋላ ትቆጥሩታላችሁ።